ነጥብ ዘግይቶ የመጣበት ሜዳ

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚሄድ መንገደኛ አላውሃን ተሻግሮ ጥቂት እንደተጓዘ ጎብዬ ይገባል። በስተግራው የደጋው ተራራ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ በስተቀኙ ሜዳው እስከ ምሥራቅ ኮረብቶች ድረስ ተዘርግቷል። ማሽላ፣ ጤፍ፣ እዚህም እዚያም ግራር፣ እንደገና ማሽላ። ከዚያ ሮቢት፣ ከዚያ ቆቦ። ተራራ ላይ ላደገ ሰው እንዲህ ያለ ጠፍጣፋ አገር መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፤ የቱ ጋ እንደሚጀምርና የቱ ጋ እንደሚያልቅ አይታወቅም።

ልጅ ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን ጠለል ምን እንደሆነ ሲያስረዱን ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ አድርገው «ይሄ ነው፤ ግን ጫፍ የለውም» አሉን። ጫፍ የሌለው ጠረጴዛ ለማናችንም አልገባንም። ቀጥለው በጠመኔ አንዲት ነጥብ ነኩና «ይቺ ደግሞ ርዝመትም ወርድም የላትም» አሉ። እንግዲያው ምን አላት ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ፈተና ላይ ግን ሁላችንም ጽፈነው አለፍን። መጽሐፉ በነጥብ ይጀምራል፤ ሁለት ነጥቦች አንድ ቀጥታ መስመር ይወስናሉ ይላል፤ በአንድ መስመር ላይ ያልተሰለፉ ሦስት ነጥቦች ደግሞ አንድ ጠለል። ከታናሹ ወደ ታላቁ ነው የሚሄደው።

የዚህን ሜዳ፣ የራያ ቆላን፣ ታሪክ ከዚህ ትምህርት አጠገብ አስቀምጦ ላየ ሰው ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ይገኛል። በዚህ አገር ስፋቱ ቀደመ፣ መስመሩ ተከተለ፣ ነጥቡ መጨረሻ ላይ መጣ። ነጥቡም ከሩቅ አገር ነው የመጣው።

ገበሬው መሬቱን የሚያውቀው በጥማድ ነበር። አንድ ጥንድ በሬ ተጠምዶ በአንድ ቀን ውሎ የሚያርሰው ማለት ነው። ዛሬ በቢሮ ሒሳብ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተደርጎ ይያዛል፤ በመነሻው ግን ጥማድ ርዝመትም ወርድም አልነበረውም። የጠገበ በሬና የከሳ በሬ፣ የተጣበቀ ጥቁር አፈርና ወንዝ ያመጣው ደለል ጥማዳቸው እኩል አይሆንም። ስፋት ነው፣ ግን ዳር የለውም። የመምህራችን ጫፍ አልባ ጠረጴዛ የገባኝ ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው።

በዚያ ስፋት ላይ መስመር ያሰመረው ማረሻ ነው። ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ በሁለት ትልሞች መካከል ሳይነካ የሚቀር አፈር አለ። ስለዚህ ገበሬው ሲደግም የመጀመሪያውን ትልም አቋርጦ ያርሳል። ትይዩ መስመሮችና እነሱን የሚቆርጡ ሌሎች ትይዩዎች፣ በየዓመቱ በየማሳው ይሠራሉ። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ደግሞ ሽልሻሎ ይመጣል፤ በቆመው ሰብል መካከል በሬ ገብቶ ያርሳል፤ በብተና የተዘራው ማሽላ ከዚያ ወዲያ ረድፍ የያዘ ይመስላል። አማርኛ ትልም የሚለውን ቃል ለሐሳብና ለዕቅድም ማዋሉ አያስገርምም። ያለ ትልም የሚያርስ የለም።

ሦስተኛው የጂኦሜትሪ አስተማሪ ጎርፍ ነው። ክረምት ላይ ደጋው ሲዘንብ እንደ ጎሊናና እንደ ሆርማት ያሉት ወንዞች ደፍርሰው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። የቆቦና የጎብዬ ሰው ዝናብ በሚያጥረው በዚህ ቆላ የኖረው ያንን ጎርፍ እየጠለፈ ነው። ጠለፋው ጥበብ ይፈልጋል። በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ የሚሠራው ክትር ወንዙን አግድም ቢይዘው ጎርፉ ጠርጎት ይሄዳል፤ ከወንዙ ጋር ትይዩ ቢሆን ደግሞ ውሃው ዘወር ብሎም አያየውም። በጠባብ ማዕዘን፣ በሰያፍ ገባ ብሎ፣ ቀስ እያለ እየታጠፈና እየወፈረ መሄድ አለበት። ማዕዘኑን በመሣሪያ የለካው የለም፤ ስንት ጊዜ ተጠርጎ እንደሄደ የሚያስታውስ ሽማግሌ ነው የሚያውቀው።

ውሃው ከዋናው ቦይ ወደ ማሳው ይገባል። መጀመሪያ ይሮጣል፣ ከዚያ ይዞራል፣ ከዚያ እርከኑ ሲያግደው ይረጋል። ደለሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ ላዩ ይጠራል። አማርኛ ይህንን ጠለለ ይለዋል። ጠላ ይጠልላል፣ ኩሬ ይጠልላል። ለጂኦሜትሪው ጠፍጣፋ ገጽ ጠለል የሚለው ቃል የተመረጠው ከዚህ መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,468 ሜትር ገደማ ላይ ናት ስንልም የምንናገረው ስለ ረጋ ውሃ ነው። የጎብዬ ገበሬ ማሳው ውሃ በወጣለት ጊዜ የቱ ጋ እንደሚጎድል፣ የቱ ጋ እንደሚያጋድል ወዲያው ያያል። ባለሙያ ውሃ ልክ ብሎ በብልቃጥ ውስጥ የሚይዘው እሱ ሜዳ ላይ ዘርግቶት ነው።

እቤት ውስጥ ደግሞ እናቶች አሉ። ምጣዱ የሚጣደው በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። አራት ቢሆኑ አንዱ ከሌሎቹ ትንሽ ባጠረ ቁጥር ምጣዱ ይወዛወዛል፤ ሦስቱ ግን ቁመታቸው ቢለያይ እንኳ ምጣዱ ያዘነብል ይሆናል እንጂ አይወዛወዝም። ሦስት ነጥብ አንድ ጠለል ይወስናል የሚለው ሕግ ያለው እዚህ ነው። ሦስቱን ጉልቻ በአንድ መስመር የሚደረድር ደግሞ የለም፤ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት መምህር አያስፈልግም። በርጩማም ባለ ሦስት እግር ሆኖ በማንኛውም ጎርበጥባጣ መሬት ላይ ረግቶ የሚቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከካርታ በፊት ነጥብ የሚባል ነገር ከነበረ የጎጆ ቀላሹ ችካል ነው። መሃል ላይ ይተከላል፣ ገመድ ይታሰርበታል፣ በገመዱ ጫፍ ዙሪያው ይጫራል፤ ክቡ ይወጣል። ከዚያ ችካሉ ይነቀልና በቦታው ምሰሶ ይቆማል። ነጥቧ ሥራዋን ጨርሳ ትጠፋለች።

ከውጭ የመጡት ሰዎች ግን ከስም ነው የጀመሩት። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1520 ከመልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲጓዝ በአንጎት በኩል አልፏል፤ አንጎት የዛሬውን የራያ አካባቢ የሚነካ የቀድሞ አውራጃ ነበር። የጉዞው ልክ ብዙ ጊዜ የቀን መንገድ ነው፤ ከዚህ እስከዚያ ሁለት ቀን፣ ከዚያ እስከዚህ አንድ ቀን። ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ካርታ ሲያሳትም (እ.ኤ.አ. 1683) ብዙ እውቀት ያገኘው ከአንድ የዛሬዪቱ ወሎ ሰው፣ ከመካነ ሥላሴው ከአባ ጎርጎርዮስ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ካርታው ሲታተም በሕይወት አልነበሩም፤ እ.ኤ.አ. በ1658 መርከብ ተሰብሮ ሞተዋል። በዚያ ካርታ ላይ ከተሞች እንደ ነጥብ ተቀምጠዋል። ነገር ግን ነጥብ አልነበሩም፤ ስም ነበሩ። የቱ ከየቱ ምን ያህል እንደሚርቅ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ነጥብን በመስመር የማግኘትን ዘዴ ወደ ኢትዮጵያ ተራራ ያወጣው አንቷን ዳባዲ የተባለ አሳሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ምጽዋ ላይ ወርዶ አሥር ዓመት ያህል በአገሩ ሲዞር ቆየ። ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ተራራ ላይ ትወጣለህ፤ ከሩቅ የሚታየውን ጫፍ በመነጽር ታነጣጥራለህ፤ አቅጣጫውን ትጽፋለህ። ይህ አንድ መስመር ነው። ጫፉ በዚያ መስመር ላይ የሆነ ቦታ እንዳለ ታውቃለህ፤ የቱ ጋ እንደሆነ አታውቅም። ሌላ ተራራ ላይ ወጥተህ ያንኑ ጫፍ ደግመህ ታነጣጥራለህ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። እግርህ ሳይረግጠው አገኘኸው። ዳባዲ በዚህ መንገድ የሰበሰበውን እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 ድረስ አሳተመው፤ በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። ማዕዘን ሲለካ የዋለ ሰው ማታ ማታ ቃል ይለቅም ነበር ማለት ነው።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነስቶ ወደ መቅደላ ሲዘምት ከሕንድ የቅየሳ መሥሪያ ቤት የተወሰዱ ቀያሾች አብረው ነበሩ። ሌተናንት ካርተር የሚባለው መኮንን ከባሕሩ ዳርቻ እስከ መቅደላ ድረስ የሦስት ማዕዘን ሰንሰለት ዘረጋ። መንገዳቸው በሐሸንጌ ሐይቅ በኩል አልፎ ወደ ዋድላና ደላንታ የሚወጣው የደጋ መንገድ ነው። የቆቦን ሜዳ ከላይ ሆኖ ከሩቅ ማየት ይቻል ነበር፤ አልወረዱበትም። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ፣ ጦሩ ተመለሰ፣ ሰንሰለቱም እዚያው ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የአገር ውስጥ ልክ ቃላድ ነው። በምኒልክ ዘመን በተለይ በደቡቡ መሬት በቃላድ እየተለካ በጋሻ ተከፋፈለ፤ አንድ ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ይሆናል ይባላል፤ ለምና ጠፍ ሲሆን ግን ይሰፋል ይጠባል። በርስት አገር ግን ዘር ቆጠራው እንጂ ገመዱ አልነበረም መሬት የሚያካፍለው። ድንበርም በምስክር ይጸና ነበር፤ ከዚህ ግራር እስከዚያ ቋጥኝ፣ ከቋጥኙ እስከ ወንዙ። ወንዙ ክረምት አልፎ ቦታውን ሲቀይር ምን እንደሚደረግ ለመወሰን ደግሞ ሽማግሌ ይቀመጣል።

ሜዳው ላይ ረጅሙን መስመር ያሰመረው ጦርነት ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የኢትዮጵያ ጦር ተሸነፈ፤ ጣልያን ሚያዝያ 7 ደሴ ገባ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ወዲያው የአስመራ አዲስ አበባን መንገድ መሥራት ያዘ። መንገዱ ከግራካሱ ተጠማዝዞ ወደ አላማጣ ይወርድና ሜዳውን ይዞ በቆቦ፣ በሮቢትና በጎብዬ አልፎ ወደ ወልድያ ይወጣል። መንገድ ቀያሽ ሥራው በሁለት ችካል መጀመር ነው፤ ሦስተኛው ችካል ከሁለቱ ጋር በአንድ ዓይን ሲሸፈን መስመሩ ቀጥ ብሏል። ተራራው ላይ ይህ አይሠራም፣ ይታጠፋል፤ ሜዳው ላይ ግን መሬቱ አልተቃወመም። ጠላት የሠራው መሆኑን አልረሳሁም። ሆኖም ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በችካል ተለክቶ የተሻገረው መስመር ያ ነበር፤ ጎብዬም ከዚያ ወዲያ የመንገድ ዳር ከተማ ሆነች።

አሁን ወደ ነጥቡ ደረስን።

እ.ኤ.አ. በ1954 የካርታና የጂኦግራፊ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ፣ የአሜሪካ የባሕር ዳርቻና የጂኦዴሲ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት የሚሆን የነጥብ መረብ ዘረጋ። የጎብዬ ውሃ ወደ ዓባይ አይሄድም፤ ወደ አፋር በረሃ ወርዶ እዚያው ይቀራል። መረቡ ግን ቀስ በቀስ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ነጥብ የቷ ትሁን? ነጥብ ብቻዋን ስትሆን ቦታ የላትም፤ ከሌላ ነጥብ አንጻር ነው የት እንዳለች የሚነገረው። መልሱ በሱዳንና በግብፅ ወሰን አጠገብ፣ በናይል ዳር ካለች አዲንዳን ከምትባል የኑብያ መንደር መጣ። የሱዳን ቅየሳ መነሻ ያደረጋት አንዲት ምልክት እዚያ ነበረች፤ 22 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ሰሜን፣ 31 ዲግሪ ከ29 ደቂቃ ምሥራቅ። ከእሷ ወደ አንድ ሌላ ምልክት የሚሄደው አቅጣጫ 58 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ተብሎ ተያዘ። አንድ ነጥብ፣ አንድ አቅጣጫ፣ የአንድ መነሻ ርዝመት። ሌላው ሁሉ፣ ጎብዬን ጨምሮ፣ በሦስት ማዕዘን እየተቀጣጠለ ከዚያ ወጣ።

እዚህ ላይ የመጽሐፉ ጠለል ከነሕጉ ይንገዳገዳል። ምድር ጠለል አይደለችማ። ጎኖቹ ሃምሳ ሃምሳ ኪሎሜትር የሆኑ ሦስት ማዕዘን ከተራራ ተራራ ብትለካ የሦስቱ ማዕዘናት ድምር 180 ዲግሪ አይሆንም፤ በአምስት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይበልጣል። ከአንድ ዲግሪ 3,600 ሰከንድ ስለሚወጣ ዓይን የሚያየው ነገር አይደለም፤ ቴዎዶላይት ግን ያየዋል። ሰንሰለቱ ከአዲንዳን እስከ ራያ ሲደርስ ደግሞ ችላ የተባለ ሰከንድ እየተጠራቀመ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ቀያሾቹ ምድርን በመጀመሪያ እንደ ተጫነ ኳስ ያሰሏታል፤ ከዚያ ኳሷን ቁራጭ በቁራጭ ጠለል ላይ ይዘረጓታል። ኢትዮጵያን ከሚሸፍኑት ቁራጮች የመካከለኛው መሃል መስመር 39 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ቆቦ ከዚያ መስመር በስተምሥራቅ ሰባ ኪሎሜትር ያህል ትርቃለች። ዝርጋታው የሚጠይቀው ዋጋ አለ፤ በዚህ ሜዳ ላይ አንድ ኪሎሜትር ገመድ ብትዘረጋ፣ የአገሩ ከፍታም ታስቦ፣ ካርታው ላይ ግማሽ ሜትር ገደማ አጥሮ ታገኘዋለህ። ስሕተት አይደለም፤ ክቡን ወደ ጠፍጣፋ የመለወጥ ቀረጥ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ደግሞ የኢትዮ አሜሪካ የካርታ ሥራ ሚሲዮን ገባ። አውሮፕላን ከላይ ፎቶግራፍ እያነሳ፣ ባለሙያ ከታች ምልክት እየተከለ ሄደ። በኋላ የወጣው የ1 ለ50,000 ካርታ ላይ ሁለት ሴንቲሜትር አንድ ኪሎሜትር ነው። ያን ካርታ ላላየ ሰው የማሳየው አንድ ነገር ቢኖር ቡናማዎቹን የከፍታ መስመሮች ነው። በየ20 ሜትሩ ከፍታ አንድ አግድም ጠለል ተራራውን እንደ ቢላ ቢቆርጠው፣ ቢላውና ተራራው የሚገናኙበት ቦታ መስመር ይሆናል። የከፍታ መስመር ማለት ያ ነው። ከጎብዬ በስተምዕራብ እንደ ሹሩባ ተጠጋግተዋል፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ተለያይተው ይርቃሉ። ጎርፉን የሚጠልፈው ገበሬ በእግሩ የሚያውቀው ነገር ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ አለ። እሱ ግን ካርታውን አላየውም፤ ያኔ ካርታው የእሱ አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፣ ገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፣ መሬት መከፋፈል ተጀመረ። የሚያካፍለው ገመድ ነው። ከዚያ በኋላም በየጊዜው በነበሩት ድልድሎችና ሽግሽጎች ያው ገመድ ወጣ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ሰው ልብ የማይለው ጉዳይ ይህ ነውና።

ጎኖቹ ሃምሳ ሃምሳ ሜትር የሆኑ ማሳ አስቡ። አራቱም ማዕዘን ልከኛ ከሆነ ስፋቱ 2,500 ሜትር ካሬ ነው፤ ጥማዱ ሞላ። አሁን ማሳው በሰያፍ የተጋደመ ነው እንበል፤ ጎኖቹ ያው ሃምሳ ሃምሳ፣ በተቃራኒ ማዕዘኖቹ መካከል ያለው አጭሩ ርቀት ግን 60 ሜትር። ስፋቱ 2,400 ይሆናል። ይበልጥ ይጋደም፤ አጭሩ ርቀት 28 ሜትር ይሁን። ጎኖቹ አሁንም ሃምሳ ሃምሳ ናቸው፤ ስፋቱ ግን 1,344 ሜትር ካሬ ብቻ ነው። ዙሪያውን በገመድ ለክቶ «ሃምሳ በሃምሳ» ብሎ የጻፈ ሰው የአንድን ገበሬ ግማሽ መሬት ሊበላው ይችላል፤ ገመዱ ሳይዋሽ፣ መዝጋቢውም ሳያጭበረብር። አራት እንጨት ጫፍ ለጫፍ ብታስር ይጋደማል፤ ሦስት እንጨት አይጋደምም። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን አንድ ጊዜ በሰያፍ መለካት። ያኔ አራት ማዕዘኑ ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆንና ስፋቱ ይታሰራል። ያቺን አምስተኛ ልኬት መውሰድ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በሽማግሌ ፊት የተነሳ ስንት ክርክር ያቺ አምስት ደቂቃ በመቅረቷ እንደሆነ አስቡት።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጎብዬ ስም ካልተጠበቀ ቦታ ወጣ። አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም የቆላውን ማሽላ ከሥሩ እየመጠጠ ያደርቅ ነበር። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታና የሥራ ባልደረቦቻቸው አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዘሮች አወጡ፤ ከተለቀቁት አንዱ «ጎብዬ» ተባለ። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ከአዲሱ ዘር ጋር በመስመር መዝራት መጣ፤ በረድፎች መካከል 75 ሴንቲሜትር። ጎብዬ በጎብዬ ሜዳ ላይ በመስመር ተዘራ ማለት ነው። ደገሌትና ጂጉርቲ በመዳፍ ሲበተንበት የኖረ ገበሬ ገመድ ወጥሮ መዝራት ለአንድ ማሳ ስንት ሰው እንደሚፈጅ ወዲያው ቆጠረ፤ አንዳንዱ ተቀበለ፣ አንዳንዱ ወደ ብተናውና ወደ ሽልሻሎው ተመለሰ። አልፈርድበትም። ሽልሻሎም መስመር ነው።

በ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ጀመረ። የመጀመሪያው ዙር ደብተር ካርታ አልነበረውም። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ ይላል፤ ስፋቱም በገመድ ወይም በግምት ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ስማቸው መግባቱ ትልቅ ነገር ነበር። በጂኦሜትሪ ዓይን ሲታይ ግን ደብተሩ ጎረቤቶች እንጂ መስመር የለውም። ጎረቤት ሲሞት ወይም መሬቱን ሲያከራይ የደብተሩ አንድ ጎን ይደበዝዛል።

ሁለተኛው ዙር ከአየርና ከሳተላይት በተነሳ ምስል ላይ የተሠራ ነው። ወጣት ባለሙያዎች ትልቅ ወረቀት ይዘው ማሳው ድረስ ይመጣሉ፤ ባለይዞታውና ወሰንተኞቹ ይቆማሉ፤ ወሰኑ በእስክሪብቶ ይሰመራል፤ ቢሮ ሲገባ መስመሩ በኮምፒውተር ላይ ነጥብ በነጥብ ይለቀማል። ምስሉ ባልጠራበት ቦታ ጂፒኤስ ይያዛል፤ መሣሪያው ቢያንስ አራት ሳተላይት ማየት አለበት፤ ሦስቱ ለቦታ፣ አራተኛው ለሰዓት። ዳባዲ ተራራ ላይ የሚፈልገውን ጫፍ አሁን ሰማይ ላይ ነው የሚፈልጉት።

አንድ ነገር ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ሁልጊዜ ያጨቃጭቃል። በኤውክሊድ ትምህርት መስመር ርዝመት ብቻ ነው፤ ወርድ የሚባል ነገር አያውቅም። የጎብዬ ድንበር ግን ወርድ አለው። በሁለት ማሳ መካከል ሳይታረስ የሚተወው ሣር አንዳንዴ አንድ ክንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ክንድ ነው፤ ልጆች በሬ ያግዱበታል፣ ሰው ይሄድበታል። በእስክሪብቶው መስመር ያ ሣር ለማን ሆነ? መስመሩ የግራውን ጠርዝ ከያዘ የቀኙ ሰው አገኘ፤ መሃሉን ከያዘ ሁለቱም ተከፋፈሉ፣ መተላለፊያው ግን ጠፋ። ድንበር ገፊ የሚለው ስድብ የወጣው ከዚህች ሣር ነው። ወርድ የሌለው መስመር ወርድ ባለው ሣር ላይ ሲሰመር ያለ ሽማግሌ የሚያልቅ አይመስለኝም፤ ደግሞም እንዲያ ነው የሚጨርሱት። ሁለቱ ወሰንተኞች ይጠራሉ፣ ባለሙያው እስክሪብቶውን ያነሳል፣ ሽማግሌው በዱላው መሬት ይጭራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱ የሚሰመረው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጣልያን በሠራው በዚያ መንገድ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ቆቦም ሮቢትም ጎብዬም ስማቸው በየዜናው ሲጠራ ካርታ አይቶ የማያውቅ ሁሉ ካርታ ፈለገ። ከዚያ በኋላ ገበሬው ተመልሶ ጠመደ።

ካርታ ሠሪው መሥሪያ ቤት ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀይሮ ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተወንጭፋ ሰማይ ገብታለች። አብዛኛው የአገሪቱ ካርታ ግን ማዕዘኑን የሚቆጥረው ዛሬም ከአዲንዳን ነው። አዲንዳን የተባለችው መንደር አሁን የለችም። የአስዋን ግድብ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሞላ ነዋሪዎቿ ተነስተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ፤ መንደሯ ከሐይቁ ጠለል በታች ናት።